እናቴ አበባዬን ሽንኩርት መስሏት ነቀለችው

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 41 ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ እኖራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሆስፒታል ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። የምጽፍላችሁ ነገር ለሰው ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቤታችንን የገዛነው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። በገባንበት ክረምት አባቴ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ለመውለድ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረኝና አውሮፕላን መሳፈር አልቻልኩም። አባቴን ሳልቀብረው ቀረሁ። ከወለድኩም በኋላ ከሰው ጋር ማውራት አስጠልቶኝ ሰነበትኩ። ማርች ላይ አንድ ጠዋት ሕፃኑን ታቅፌ በጓሮ በር ሳይ፣ ከደረቀው ቅጠል መሀል ቢጫ አበባ ብቅ ብሏል። እኛ አልተከልነውም። ቤቱን የሸጡልን ባልቴት ከዓመታት በፊት ተክለውት ኖሯል። በሳምንቱ የአጥሩ ሥር በሙሉ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቴ ዳፎዲል እንደሚባል ነገረችኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ቆሜ አለቀስኩ። ከአባቴ ሞት በኋላ ደህና አድርጌ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ፎል (መኸር) ሲገባ ትንሽ ትንሽ እየገዛሁ እጨምርበታለሁ። ቱሊፕ፣ ክሮከስ፣ ሃያሲንት። ቱሊፑን አጋዘን ይበላብኛል። ክሮከሱም ጠዋት ከሥራ ስገባ ሁልጊዜ እንደተዘጋ ነው። ቢሆንም ደስ ይለኛል።

እማዬ ከሁለት ዓመት በፊት መጣች። ገጠር ያደገች ሴት ናት። አዲስ አበባም እያለች ከጓሮዋ ጎመንና ጤና አዳም ጠፍቶ አያውቅም። የእኛን ግቢ ስታይ ያማታል። «ይሄን የመሰለ መሬት! አበባ ይበላል እንዴ?» ትለኛለች። እኔም ዝም እላለሁ። ችግሩ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው መሬታችን ያ የጓሮ አጥር ሥር ብቻ መሆኑ ነው። ከቤቱ ፊት ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ፣ ሥሩ ሣር እንኳ ደህና አይበቅልም።

ባለፈው ወር አድሬ ገብቼ ተኝቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ስነሳ እማዬ የአጥሩን ሥር በሙሉ ገልብጣዋለች። ያገኘችውን የአበባ ሥር ሁሉ በፌስታል ሞልታ ኩሽና አስገብታ፣ ቢላ ይዛ አንዱን እየላጠች ደረስኩ። ሽንኩርት መስሏታል። ዳፎዲል መርዝ እንደሆነ አውቅ ነበር። ልጆቼ አጠገቧ ቆመዋል። «እማዬ፣ ልትጨርሺን ነው?» ብዬ ጮህኩ። ፌስታሉን ነጥቄ ጋራዥ ወረወርኩት። እማዬ ቢላውን አስቀመጠችና «ይቅር በይኝ ልጄ» ብላ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮ አትወጣም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትጸልያለች፣ ትተኛለች። ትናንት ለባለቤቴ «አገሬ መልሱኝ» አለችው።

በዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ። ባለፈው ኤፕሪል የቱሊፑን ፎቶ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለጥፌ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «እኛ ዘይት መግዛት አቅቶን አንቺ አበባ ትገዣለሽ» ብላ ጻፈችልኝ። ፎቶውን አጠፋሁት። አሁን ሳስበው ምናልባት ሁሉም ልክ ናቸው እላለሁ። መሬቱን ለእማዬ ሰጥቼ አበባውን እርግፍ አድርጌ ልተወው? ምን ትመክሩኛላችሁ?

እ. ነኝ ከሜሪላንድ



ውድ እህቴ እ.፣

ማንበብ ከመቀጠልሽ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ጋራዥ ሂጂና ያን ፌስታል አውጪው። ጓንት አድርጊ፣ ፈሳሹ እጅ ያሳክካል። ሽንኩርት መሳዩን ኮረት (የአበባውን ሥር) በሙሉ ካርቶን ላይ ዘርግፊው። በፌስታል ታፍኖ ከቆየ ይሻግታልና። ካርቶኑ ላይ በትልቁ በአማርኛ «አበባ ነው፣ አይበላም» ብለሽ ጻፊበት። ፍሪጁ ላይ ደግሞ የአሜሪካን የመርዝ ጉዳይ የስልክ መስመር ለጥፊ፦ 1-800-222-1222። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ነጻ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ሁሉ ቢኖረው እመኛለሁ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ድንጋጤሽ ልክ ነበር። ዳፎዲል ላይኮሪን የሚባል መርዝ አለው፣ በብዛት የሚገኘውም ኮረቱ ውስጥ ነው። ብታቁላዪውም፣ ብትቀቅዪውም አይለቅም። የበላ ሰው ብዙ ሳይቆይ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። አብዛኛው ሰው ይድናል። ሕፃናትና አረጋውያን ላይ ግን ይበረታል። ስለዚህ «ምነው ባልጮህኩ ኖሮ» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ማንም እናት ትጮህ ነበር።

እናትሽም ግን ሞኝ አይደሉም። ይህን ነገር ብዙ ሰው ተሳስቶታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ሱፐርማርኬቶች ዳፎዲልን ከአትክልትና ከፍራፍሬ አርቀው እንዲያስቀምጡ በደብዳቤ ጠይቀዋል። ምክንያቱ ሰዎች ኮረቱን ከሽንኩርት፣ ቅጠሉንና ግንዱን ደግሞ ከምግብ ቅጠላ ቅጠል ጋር እያምታቱ መመረዛቸው ነው። አበባው በየመንገዱ በሚበቅልበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ የዳፎዲልን ኮረት በሕይወታቸው አይተው የማያውቁ እናት ምን ይፈረድባቸዋል? የቱሊፕን ኮረት ደግሞ ሰው በልቶት ያውቃል። ሆላንዶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት፣ መሀሉን እያወጡ ቀቅለው በልተውታል። የሚበሉት ቢያጡ ነው። መሬት ውስጥ ያገኙትን ክብ ነገር ለምግብ ማሰብ የተራበ ያየ ሰው ጠባይ ነው። የእናትሽ ትውልድ ደግሞ ረሃብን በወሬ አይደለም የሚያውቀው።

እስቲ ያን ቀን በእሳቸው በኩል እንየው። ልጃቸው አድራ ገብታ ተኝታለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። በዚያ ዕድሜያቸው ያን ሁሉ መሬት ገለበጡ። ከሥሩ ደግሞ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ተገኘ፣ ያውም በብዛት! ይዘውልሽ ገቡ። ለአንቺ ወጥ ሊሠሩልሽ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ።

እኔ እንደሚመስለኝ እናትሽ ክፍላቸው የገቡት ስለጮህሽባቸው ብቻ አይደለም። ልጅ በእናቱ ላይ ይጮኻል፣ እናት ትረሳዋለች። የፈሩት ራሳቸውን ይመስለኛል። እዚህ አገር ቋንቋው አይገባቸውም፣ መኪና አይነዱም፣ የሚያወጋቸው ጎረቤት የለም። አንድ ነገር ግን ነበራቸው፣ መሬት ያውቃሉ። ያን ቀን እሱም ከዳቸው። የሚያውቁት መሬት የልጅ ልጆቻቸውን ሊመርዝባቸው ነበር። ጓሮ የማይወጡት አኩርፈው ነው ብለሽ ታስቢያለሽ? ወይስ እጃቸውን ማመን አቅቷቸው? ይህን በደንብ አስቢበት፣ የምትናገሪው ነገር በዚህ ይለያያል።

አንቺም አንድ ነገር አስታውሺ። መርዝ እንደሆነ ታውቂ ነበር፣ እሳቸው ግን አልተነገራቸውም። ሁለት ዓመት አብራችሁ ስትኖሩ «አበባ ይበላል እንዴ?» ሲሉሽ ዝም ብለሻል። ይህን የምለው ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ይቅርታሽን ከየት እንደምትጀምሪ ስለሚያሳይ ነው። ቡና አፍልተሽ፣ ልጆቹ ባሉበት፣ ይህን ብትያቸው ደስ ይለኛል፦ «እማዬ፣ የጮህኩብሽ ደንግጬ ነው። አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ ሳልነግርሽ ቀረሁ።» እዚህ ላይ አቁሚ። «ግን አንቺም ሳትጠይቂኝ» የሚለው ይቅር። ልጆቹ ባሉበት ያልኩሽ ሲጮህባቸው ያዩት እነሱ ስለሆኑ ነው። አያታቸው እንዳላጠፉ ከአፍሽ ይስሙ።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ ያላገኘሁትን ልጠይቅሽ። ስለ አባትሽና ስለ መጀመሪያው ቢጫ አበባ የጻፍሽልኝን ለእናትሽ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? አልነገርሻቸውም ብዬ እገምታለሁ። እሳቸው የሚያውቁት ልጃቸው ደህናውን መሬት በማይበላ ነገር እንደምታባክን ነው። አባትሽን ሳትቀብሪ እንደቀረሽ ያውቃሉ። ለወራት እንባሽ ደርቆ እንደነበር፣ ያ አበባ ብቅ ሲል እንደወጣልሽ ግን አያውቁም። ያረፈው ሰው ለአንቺ አባት ነው፣ ለእሳቸው ባል ነው። ሁለታችሁም በአንድ ሰው ሐዘን ውስጥ ናችሁ፣ ሆኖም ለየብቻ። እሳቸው ቀብረውታል፣ አልቅሰዋል፣ ሰው መጥቶ አጽናንቷቸዋል። አንቺ በሩቅ ሆነሽ ነው ያሳለፍሽው። ብትነግሪያቸው አበባውን ይወዱታል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ለምን እንደጮህሽ ግን ይገባቸዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ቡና ላይ አይለቅ። ይቅርታው አንድ ቀን ይሁን፣ የአባትሽ ነገር ሌላ ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ።

«አገሬ መልሱኝ» ያሉትንም ቀለል አድርገሽ አትለፊው። በንዴት የተባለ ሊሆን ይችላል፣ የምር ናፍቆትም ሊሆን ይችላል። «እማዬ፣ መሄድ ትፈልጊያለሽ? ለጥቂት ወር ወይስ ለሁልጊዜ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያቸው፣ መልሱንም ሳትከራከሪ ስሚ። ከይቅርታው በኋላም ሳምንታት አልፈው ካልወጡ፣ ካልበሉ፣ ቀኑን ሙሉ ከተኙ፣ ለሐኪማቸው ንገሪ። ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ሰውም ፈልጊላቸው። አንቺ የማታ ፈረቃ እየሠራሽ ሁሉንም ብቻሽን አትችዪውም።

እህትሽ ደግሞ። ኑሮ ከብዷቸዋል፣ እውነት ነው፣ ዘይት መወደዱም እውነት ነው። የተናገረችው ያመመሽ ለዚህ ነው፣ የምትመልሽው የለሽም። እስቲ ልጠይቅሽ፦ አበባ በገዛሽበት ወር ለቤተሰብ የምትልኪውን ቀንሰሽ ነበር? ካልቀነስሽ፣ አበባው ከማንም አፍ የተነጠቀ አይደለም። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሕመምተኛ ሲያገላብጥ አድሮ፣ ጠዋት ላይ የሚያየው አንድ የሚያምር ነገር ቢፈልግ ይህ ቅንጦት አይባልም። እኔ እንደዚያ አልለውም። ለቤተሰብ የምትልኪውን አስቀድመሽ ወስነሽ ለይ፣ ለራስሽ ከምትይዢው ደግሞ የአበባሽን ትንሽ ገንዘብ መድቢ። ከዚያ በኋላ አትሸማቀቂ። ለእህትሽም ደውዪላት፣ ስለ አበባው አይደለም፣ ስለ ኑሮዋ ጠይቂያት። የከበዳት ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል።

ወደ መሬቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ዜና አለኝ። አንቺና እናትሽ የተጣላችሁበት መሬት ሁለታችሁንም አያጣላም። የእናትሽ ጎመንና ቃሪያ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፣ ያውም ሰመሩን (ሞቃቱን ወቅት) በሙሉ። የአንቺ ዳፎዲል ግን ፀሐይ የሚፈልገው በዋናነት ከማርች እስከ ሜይ ነው። በዚያን ጊዜ ኦክ ገና ቅጠል እያወጣ ነው። ኦክ ቅጠሉን ዘግይቶ ከሚያወጡት ዛፎች አንዱ ነው። ስለዚህ ያ ሣር አልበቅል ያለው የቤታችሁ ፊት በመጋቢትና በሚያዝያ ብርሃን ሞልቶታል ማለት ነው። ዛፉ ቅጠል ሲለብስና ጥላው ሲከብድ ዳፎዲልሽ ሥራውን ጨርሶ ተኝቷል። አበባውን አትተዪው። ወደ ፊት ለፊት አምጪው። ከሥራ ስትገቢ መጀመሪያ የምታይው እሱን ይሆናል። ፀሐያማውን የአጥር ሥር ለእናትሽ ስጪ፣ «ይኼ ያንቺ ነው» ብለሽ፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለ፣ እሱም የደኅንነት ነው። እናትሽ ምንም ያህል ቢያገላብጡት አንዳንድ ኮረት መሬት ውስጥ መቅረቱ አይቀርም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ያ የአጥር ሥር ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይተከልበት። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም ይሁን። የእነዚህ ቅጠል ከዳፎዲል ጋር ፈጽሞ አይምታታም። የተረሳው ዳፎዲል ማርች ላይ እንደ ሰይፍ ቀጥ ያለ ቅጠሉን አውጥቶ ራሱን ያጋልጣል። ያኔ እናትሽ ራሳቸው እየጠቆሙ ታወጡትና ወደ ዛፉ ሥር ታዛውሩታላችሁ። አፈር እንደያዘ ቢነቀልና ወዲያው ቢተከል አይሞትም።

ኮረቱን አሁኑኑ መትከል ትችያለሽ። እነዚህ አበቦች ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ይፈልጋሉ፣ የሜሪላንድ ክረምት ደግሞ ያን ይሰጣቸዋል። መሬቱ በበረዶ እስካልደረቀ ድረስ ጊዜ አለሽ። እያንዳንዱን በጣትሽ ጫን አድርጊው። ጠንካራው ደህና ነው። የለሰለሰውንና ውስጡ የሻገተውን ጣይው። የተላጠው አንዱም ይጣል። ዳፎዲሉን ስድስት ኢንች ያህል ቆፍረሽ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርገሽ ቅበሪው። በመካከላቸው አራት ወይም አምስት ኢንች ይኑር። ክሮከስ ትንሽ ስለሆነ ሦስት ኢንች ይበቃዋል። የዛፉን ትልልቅ ሥሮች አትቁረጪ፣ በመሀላቸው ቦታ ፈልጊ። በመስመር አታሰልፊያቸው፣ ሰባት ስምንቱን አንድ ላይ ሰብሰብ አድርጊ። ሲያብብ የሚያምረው እንደዚያ ነው።

ስለ ቱሊፕ የማስበውን ልንገርሽ። እወደዋለሁ፣ ለአንቺ ግን አልመክርም። እዚያ አካባቢ ሰመሩ ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ አብዛኛው ቱሊፕ በመጀመሪያው ዓመት አምሮ፣ በሁለተኛው ያንሳል፣ በሦስተኛው ቅጠል ብቻ ይሆናል። በየዓመቱ ገንዘብ ማውጣት ነው። እሱም አጋዘን ካልቀደመሽ። ዳፎዲልን ግን አጋዘንም ሽኮኮም አይነካውም። እናትሽን ያስደነገጠው ያው መርዝ ነው የሚጠብቀው። በየዓመቱም ከሥሩ እየተባዛ ይሄዳል። የባልቴቷ ተክል ያለ ተንከባካቢ የቆየልሽ ለዚህ ነው። አዲስ መግዛት ካማረሽ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ መደብሮች የተረፋቸውን ኮረት ዋጋ ይቀንሳሉ። ያኔ ጥቂት ዳፎዲል ብትጨምሪ ለብዙ ዓመት ይሆንሻል። ቱሊፕ ከናፈቀሽ ኤፕሪል ላይ ቤተሰቡን ይዘሽ ዊተን የሚገኘው ብሩክሳይድ ጋርደንስ ሂጂ። ቅርባችሁ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። ዲሲም ታይዳል ቤዚን ከሚባለው ኩሬ አጠገብ የቱሊፕ መደብ አለ፣ የቼሪው አበባ ካለፈ በኋላ ይደምቃል።

ክሮከስሽ ጠዋት ጠዋት ተዘግቶ የምታገኚው ታሞ አይደለም። ክሮከስ ማታና በደመና ቀን ይዘጋል፣ ፀሐይ ሲያሞቀው ይከፈታል። አንቺ ስትገቢ ገና ብርድ ነው። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ስትነሺ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ (በአሜሪካ አቆጣጠር 1 PM) ውጪና ጎንበስ ብለሽ እዪው። ሐምራዊው ተከፍቶ መሀሉ ላይ ያ ብርቱካናማ ክር ሲታይ! እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሰው አጠገቡ ቆሞ ሳያየው ያልፋል፣ ትንሽ ስለሆነ። ባለቤትሽ ሲነሳ ቀስቅሰኝ ብትዪው ይሻላል፣ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ እንቅልፍ አታምኚው።

ዳፎዲሉን ቆርጠሽ ቤት ማስገባት ከፈለግሽ፣ እምቡጡ አንገቱን ሲደፋና ቢጫው መታየት ሲጀምር ቁረጪው። ውሃ ውስጥ ሆኖ ይፈነዳልሻል። ከሌላ አበባ ጋር ወዲያው አታቀላቅዪው። ከተቆረጠው ግንድ የሚወጣው ዝልግልግ ነገር ቱሊፕን ቶሎ ያጠወልገዋል። ለብቻው በአንድ ዕቃ አሳድሪው፣ ግንዱን ዳግመኛ ሳትቆርጪ በማግስቱ ቀላቅዪው። የነበረበትን ውሃ ልጆቹ እንዳይጠጡት ወዲያው ድፊው። የቡናው ረከቦት አጠገብ ብታስቀምጪው እናትሽ ምን እንደሚሉ ማወቅ እፈልጋለሁ። አዲስ ዓመት ሲመጣ አደይ አበባ ከቄጤማው ጋር ቤት ውስጥ ይጎዘጎዝ አልነበረም? እናትሽ አበባ ጠልተው አይመስለኝም። ደህና መሬት ሲባክን ማየት ስለማይችሉ ነው።

የእናትሽን ጎመንም አጋዘን ይበላዋልና ከወዲሁ አስቡበት። አጋዘንን የሚያቆመው ስምንት ጫማ የሚደርስ አጥር ወይም መረብ ነው። ይህን ለባለቤትሽ ስጪው፣ እሱም በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ ይኑረው። ፀደይ ላይ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ ለስድስት ሳምንት ያህል ተዝረክርኮ ይቆያል። ያስጠላል፣ ሰው ማጨድ ያምረዋል። አይታጨድ። ኮረቱ ለቀጣዩ ዓመት የሚጠራቀመውን ምግብ የሚያገኘው ከዚያ ቅጠል ነው። ቢጫ ሆኖ ራሱ እስኪተኛ ተዉት።

ለአሁኑ ግን የሚቀድም አለ። ኖቬምበር እስኪጋመስ ነጭ ሽንኩርት ይተከላል። ይህን ሥራ ለእናትሽ ስጪያቸው፣ ዘንድሮውኑ። ከአበባው ርቆ፣ አፈር በሌለበት ፀሐያማ ንጣፍ ላይ ከጣውላ ሳጥን ሥሩ፣ ወይም ሰፋፊ ገንዳ ግዙ፣ ከዚያ አዲስ አፈር ሙሉበት። ፍልቃቂውን ሁለት ኢንች ያህል ጥልቀት ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ መቅበር፣ ላዩን በደረቅ ቅጠል መሸፈን ነው። ይኸው ነው። ጁን መጨረሻ ላይ ይደርሳል። አንቺ ዛፉ ሥር ዳፎዲልሽን ስትተክዪ እሳቸው ሳጥኑ ላይ ይሁኑ፣ በአንድ ቅዳሜ። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ነጭ ሽንኩርት አንዳንዱ እንዳይበቅል የተደረገ ነው፣ ከገበሬዎች ገበያ ግዢ። እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂና ራሳቸው ይምረጡ።